ከቤት ኪራዩ በፊት ቶርቲያው

ጠይቁን፦ የዚህ ዙር ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ

ሜክሲኮን ብዙዎቻችን የምናውቃት በአዲስ አበባው አደባባይ ነው። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። አሁን ደግሞ ምግቧ ወሎ ሊገባ ነው መሰለን፤ በዚህ ዙር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ስለ መክፈት ይጠይቃሉ። የምግቡ መሠረት ቶርቲያ ነው፦ ምጣድ ላይ የሚጋገር፣ ሳይሰበር የሚታጠፍ ስስ የበቆሎ ዳቦ፤ ሥጋ ወይም አትክልት ተደርጎበት ሲታጠፍ ታኮ ይባላል። ከውጭ ለመመለስ የተሰናዱ አሉ፣ የውጭ ዜጋ ያገቡ አሉ፣ እዚሁ ሆነው ሞክረው ያልሆነላቸውም አሉ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጠቅልለናል።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሆጤ ነው። ዳላስ ሃያ ዓመት ኖሬ የአሜሪካ ዜግነት ወስጃለሁ፤ ከዚህ ውስጥ ሰባቱን ዓመት የሠራሁት በሜክሲኮ ምግብ ቤት ነው። ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ የታኮ ቤት መክፈት አስቤያለሁ። «የውጭ ባለሀብት ስለሆንክ 200 ሺህ ዶላር ማሳየት አለብህ» የሚሉኝ አሉ። ቤት አግኝቻለሁ፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል። ልክፈል?

መልስ፦ እንኳን ወደ አገርዎ ልብዎ ተመለሰ። ለጊዜው ግን አይክፈሉ።

በአሜሪካ ፓስፖርት ብቻ የውጭ ባለሀብት ሆነው ከቀረቡ፣ 200 ሺህ ዶላር ቢኖርዎም በሩ አይከፈትም። በኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474/2012 መሠረት ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ቡና ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ የምሽት ክበብና የምግብ ማቅረብ አገልግሎት ለአገር ውስጥ ባለሀብት የተከለሉ ናቸው። ከክልከላው የወጣው ባለኮከብ ደረጃ የብሔራዊ ምግብ አገልግሎት ብቻ ነው። አንድ ሱቅ ተከራይቶ የሚከፈት የታኮ ቤት እዚያ ውስጥ አይገባም። 200 ሺህ ዶላር የሚባለው በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት የሚያስገባው ዝቅተኛ ካፒታል ነው፤ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር ወደ 150 ሺህ ይወርዳል። ይህ ለውጭ ሰው ክፍት በሆነ ዘርፍ የሚጠየቅ ነው እንጂ የተከለለውን ዘርፍ አይከፍትም። በ2016 ዓ.ም. የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች መከፈቱን ሰምተው «ምግብ ቤትም ተከፍቷል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ምግብ ቤት ከዚያ ጋር አልተከፈተም።

የእርስዎ መንገድ ትውልድዎ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይሰጠዋል፤ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው ነው። እሱን የያዘ ሰው የመግቢያ ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ከመረጠም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። መታወቂያውን በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም አዲስ አበባ ኢሚግሬሽን ማውጣት ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚጉላላው በስም ነው። የድሮው ፓስፖርት ላይ ያለው የአባትና የአያት ስም ከአሜሪካው ሰነድ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ፣ ወይም አሜሪካ ሲገቡ ስም ከቀየሩ፣ የስም ለውጡን ማስረጃ አረጋግጠው ይዘው ይምጡ። እዚህ ከመጡ በኋላ ያን ወረቀት ከዳላስ ማስላክ ወራት ይበላል።

መታወቂያው ከተያዘ ቀሪው ማንኛውም የከተማው ነጋዴ የሚሄድበት መንገድ ነው፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የተረጋገጠ የኪራይ ውል፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ስም፣ ወጥ ቤቱ ታይቶ የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ከዚያም የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን። ዋጋ ሲተምኑ የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከመጀመሪያው ያስሉት። ታክስ ሳይቆጥር በ100 ብር የጀመረ ሰው ከተመዘገበ በኋላ ወይ ዋጋውን 115 ያደርጋል፣ ወይ ልዩነቱን ከትርፉ ይከፍላል።

ቤቱን በተመለከተ ሦስት ነገር ይመልከቱ። የመጀመሪያው መብራት ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ (እያንዳንዱ 3.5 ኪሎዋት) እና ሁለት መጥበሻ ማሽን (እያንዳንዱ 3 ኪሎዋት) ብቻ 13 ኪሎዋት ይጠይቃሉ፤ በ220 ቮልት ወደ 60 አምፔር ማለት ነው። ለመኖሪያ የተዘረጋ ነጠላ መስመር ይህን አይሸከምም፤ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያለው ቤት ይፈልጉ ወይም ምጣዱን በጋዝና በከሰል ያስቡት። ሁለተኛው ፍሳሽ ነው። የቅባትና የኖራ ውሃ (ኖራው ለምን እንደሆነ በቀጣዩ መልስ ይመጣል) በተራ የእጅ መታጠቢያ መስመር ከሄደ ቱቦው ይደፈናል። ሦስተኛው የጭስ ማውጫ ነው፤ ቃሪያና በርበሬ ሲቆላ ጭሱ ላይ ፎቅ ያለውን ጎረቤት ያስነሳል። አከራዩ ሦስቱንም በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላም ቢሆን፣ ኪራዩ ንግድ ፈቃዱ ከወጣበት ቀን እንዲቆጠር ይደራደሩ። ከሁሉ በፊት ግን ቶርቲያውን በኮምቦልቻ በቆሎ፣ በኮምቦልቻ ውሃ፣ በእነዚያ በሚቀጥሯቸው ልጆች እጅ ይሞክሩት። ዳላስ ላይ ቶርቲያው ታሽጎ በካርቶን ይመጣ ነበር፤ እዚህ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። ቀጣዩ ጥያቄ ስለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ቁርስ ቤት አለኝ። ታኮ ልጨምር ብዬ ከወፍጮ ቤት ያስፈጨሁትን የበቆሎ ዱቄት በሙቅ ውሃ አቡክቼ ምጣድ ላይ ጣልኩት። ሳጥፈው ይሰበራል። እንቁላል ጨመርኩ፣ ፉርኖ ዱቄት ቀላቀልኩ፣ ያው ነው። ከውጭ የሚመጣው ዱቄት ዋጋው አይቀመስም። ምንድን ነው የጎደለኝ?

መልስ፦ እህታችን፣ የጎደለሽ ኖራ ነው።

አንቺ የጋገርሽው የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ቂጣ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሜክሲኮዎች በቆሎውን ሳይፈጩት በፊት በኖራ ውሃ ይቀቅሉታል። እንዲህ የተቀቀለውን በቆሎ ኒክስታማል ይሉታል። ኖራው የፍሬውን ልጣጭ ያሟሟዋል፣ ልጣጩ ውስጥ ያለው ሙጫ መሰል ነገር ወደ ሊጡ ይገባል፣ የስታርቹም አንድ ክፍል ይለሰልሳል። በቆሎ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር ስለሌለው ሊጡን የሚያያይዘው ይኸው ነው። ለጤናም ይጠቅማል፦ በበቆሎ ውስጥ የታሰረውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታዋል። በቆሎን ከአሜሪካ አህጉር ወስደው አሠራሩን ያልወሰዱ የአውሮፓ አገሮች ገበሬዎች በቆሎ ብቻ እየበሉ ፔላግራ በሚባል በሽታ ተሠቃይተዋል።

ለ10 ኪሎ በቆሎ 30 ሊትር ውሃና 100 ግራም ኖራ ያስፈልግሻል። ኖራው ለምግብ ተብሎ የተሠራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሁን። የግንባታ ኖራ በፍጹም አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ሌላ ማዕድን አይታወቅም፣ በደንብ ያልበረደ ከሆነም ያቃጥላል። የምግቡ ኖራ ውድ ቢመስልሽም ሂሳቡን አስዪው፦ አንድ ኪሎው 100 ኪሎ በቆሎ ይቀቅላል። በቀን 10 ኪሎ ብትሠሪ ለወር ሦስት ኪሎ ይበቃሻል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ዱቄቱን ሳይሆን ኖራውን አስመጪ።

በቆሎው ነጭ፣ ደረቅ፣ ያልተከካና ያልነቀዘ ይሁን። ገበያ ላይ እፍኝ አንሥተሽ አሽትቺው፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ወይም አረንጓዴና ግራጫ ነጥብ ያለበት ፍሬ ከበዛ ተይው። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በመቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለቅመሽ፣ አበጥረሽ፣ አጥበሽ ኖራው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ጨምሪው። ድስቱ ብረት ወይም ስቴንለስ ይሁን፤ አሉሚኒየሙን ኖራው ይበላዋል።

አቀቃቀሉ እንደ ንፍሮ አይደለም። ንፍሮ እስኪፈነዳ ይቀቀላል፤ ይህ ግን እንዳይበስል ተጠንቅቀሽ ነው የምታወጪው። ውሃው ሊፈላ ሲል እሳቱን ቀንሺና ለደሴ ከፍታ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በዝግታ ያዥው። አንድ ፍሬ አውጥተሽ በሁለት ጣት እሺው፤ ልጣጩ እንደ ረጠበ ወረቀት ከተላቀቀ፣ በጥርስሽ ስትከፍይው መሐሉ ላይ ነጭ ጠንካራ ነጥብ ካለ ደርሷል። ነጥቡ ከጠፋ አልፏል፤ ሊጡ ሙጫ ይሆንብሻል። ከእሳት አውርደሽ ከነውሃው ከ10 እስከ 14 ሰዓት ይደር። ጠዋት ቢጫውን ውሃ ደፍተሽ ሁለት ጊዜ እሺና እጠቢው። ልጣጩን ሁሉ አሟጠሽ አታውጪ፤ ጥቂት መቅረቱ ለሊጡ ጥሩ ነው። የኖራው ውሃ ጎመን ላይ አይደፋም፤ ተክል ያደርቃል።

ደሴ ላይ የሚቸግረው መፍጨቱ ነው። የኛ ወፍጮ ቤት ለደረቅ እህል የተሠራ ነው፤ እርጥብ በቆሎ ብታመጪ ድንጋዩ ይደፈናል፣ ባለወፍጮውም አይፈቅድልሽም። ያለሽ ምርጫ ሦስት ነው። በእጅ የሚዞር የብረት ሳህን ወፍጮ ካገኘሽ እርጥቡን ሁለት ጊዜ አሳልፊው፤ በቀን እስከ 5 ኪሎ ላለው ሥራ ይበቃል። የሥጋ መፍጫም ሁለት ጊዜ ካሳለፍሽው ይሠራል፣ ሊጡ ግን ሻካራ ስለሚሆን ሶፔ ለሚባለው ወፍራም ቶርቲያና ተጠቅልሎ በእንፋሎት ለሚበስለው ታማሌ እንጂ ለስስ ቶርቲያ አያስደስትም። ሦስተኛውና ለወሎ ይበልጥ የሚሆነው የተቀቀለውን በቆሎ ማድረቅ ነው። አጥበሽ በንጹሕ ሰሌን ላይ ስስ አድርገሽ አስጪውና ጥርስ ላይ ቀጭ እስኪል ሲደርቅ ወፍጮ ቤት ውሰጂው፤ ልመው ብለሽ አስፈጭተሽ በወንፊት ንፊው። ገበያ ላይ በውድ የሚሸጠው የሜክሲኮ ዱቄት በመሠረቱ ይኸው ነው። ወፍጮ ቤት ማልደሽ ሂጂ፤ ከበርበሬ ወይም ከሽሮ ቀጥሎ ከተፈጨ ሽታውን ይዞ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ማድረቅ የማይታሰብ ነው። ቆላ ቀመስ በሆነው ኮምቦልቻ ይሻላል፤ ወይም ሰኔ ሳይገባ የክረምቱን አድርቀሽ አስቀምጪ።

ሊጡን ማሳ ይሉታል፤ ከእርሻው ማሳ ጋር አይምታታብሽ። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ዱቄት ከ1.1 እስከ 1.2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አድርጊና አቡክተሽ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነሽ 20 ደቂቃ አሳርፊው። 30 ግራም ድቡልቡል አድርገሽ በሁለት ላስቲክ መሐል ተጫኚው፤ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ይወጣዋል። መጫኛውን ብረት ቤት ያሠሩልሻል፦ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የ25 ሳንቲሜትር ሳህኖች፣ በአንድ ወገን ማጠፊያ፣ በሌላው ወገን እጀታ። ከ10 ኪሎ በቆሎ 18 ኪሎ ያህል ሊጥ ይወጣል፤ ወደ 600 ቶርቲያ ነው፤ ለአንድ ታኮ ሁለት ሁለት ቢደረብ 300 ታኮ።

ምጣዱ ከእንጀራ የበለጠ መጋል አለበት። የውሃ ጠብታ ስትጥይበት ዘሎ ወዲያው ይጥፋ። መጀመሪያ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ ገልብጠሽ 45 ሰከንድ ያህል፣ እንደገና ገልብጠሽ እስኪነፋ። ስታወጪው ደረቅ ሊመስልሽ ይችላል። ጨርቅ በተነጠፈበት መሶብ ውስጥ ደራርበሽ 15 ደቂቃ ክደኚው፤ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ሜክሲኮዎችም የቶርቲያ መሶብ አላቸው፤ የኛው ከነክዳኑ ይበልጠዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጫፉ ከተሰነጠቀ ውሃ አንሶታል፤ በማንኪያ ጨምሪ። ላስቲኩ ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቶበታል። ካልነፋ ወይ ሻካራ ነው ወይ ምጣዱ በርዷል። ቢጫ ሆኖ የሳሙና ጣዕም ካመጣ ኖራው በዝቷል ወይም አልታጠበም። ሊጡ ከሰዓት በኋላ መኮምጠጥ ይጀምራል፤ የጠዋቱን ለማታ አታቆዪ።

እስከዚያው ድረስ በስንዴ ቶርቲያ ጀምሪ፤ የሰሜን ሜክሲኮ ሰዎች የሚበሉት እሱን ነው። 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 18 ግራም ጨው፣ 130 ግራም የአትክልት ቅቤ ወይም ዘይት፣ 520 ሚሊሊትር ሙቅ ውሃ። 30 ደቂቃ አሳርፊው። ለኬሳዲያ (ቺዝ ገብቶበት ለሚታጠፈው) 60 ግራም፣ ለቡሪቶ (ሙሉ ለሙሉ ለሚጠቀለለው) 100 ግራም ድቡልቡል አድርጊ።

ጥያቄ፦ ቦሎቄዬ ደሴ ላይ አራት ሰዓት ተቀቅሎም አይፈርስም። ኮምቦልቻ የሚሠራው ወንድሜ በሁለት ሰዓት ያወጣዋል። ቦሎቄው አንድ ዓይነት ነው።

መልስ፦ ልዩነቱ ከፍታው ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ስለምትል በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ለቦሎቄ ግን ትንሽ አይደለም። እሳት ብትጨምር ውሃው ቶሎ ይተንናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የሜክሲኮ ከተማ ራሷ 2,240 ሜትር ላይ ስለሆነች የዚያ ወጥ ቤቶችም ይህንኑ ያውቁታል፤ መፍትሔያቸው ፕሬዠር ድስት ነው። በፕሬዠር ድስቱ ስትቀቅል ከ600 ሜትር በላይ ለያንዳንዱ 300 ሜትር ጊዜውን 5 በመቶ ጨምር፤ ለደሴ አንድ ሦስተኛ ያህል ማለት ነው። የድስቱ መመሪያ 30 ደቂቃ ካለ 40 አድርገው።

ማታ ዘፍዝፈህ ጠዋት ውሃውን ድፋ። ቲማቲምና ሎሚ ቦሎቄው ሳይበስል አይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር ልጣጩን ያጠነክረዋል። ጨው ግን ከመጀመሪያው ቢገባ አይጎዳም። ቦሎቄው ዓመት ያለፈው ከሆነ ለአንድ ኪሎ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይረዳዋል። ቀዩን ቦሎቄ ዘፍዝፈህ፣ ውሃ ቀይረህ፣ በኃይል እየፈላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይቀቀል ለሰው አትስጥ። ጥሬው ውስጥ ያለው ሌክቲን ኃይለኛ ትውከት ያመጣል፣ ለብ ባለ እሳት የቆየ ደግሞ ይብሳል።

የተረፈውን በትልቁ ድስት አታሳድር። ጎድጓዳ ባልሆነ ትሪ ዘርግተህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 20 ዲግሪ፣ በቀጣዩ አራት ሰዓት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ አውርደው። መብራት ሄዶ ማቀዝቀዣው ሲከፈት ሲዘጋ ካደረ፣ ቦሎቄና ሩዝ መጀመሪያ የሚደፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሜክሲኮ ሰው ነው፣ ፑዌብላ የምትባል ከተማ ተወላጅ። ደሴ ተጠቃለን ልንገባ ነው። ንግድ ፈቃዱ በእሱ ስም ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ሙያው የእሱ ነውና። ካልሆነ በወንድሜ ስም አውጥተን በጎን ውል ብንጻጻፍስ?

መልስ፦ በእሱ ስም አይወጣም፤ ለመጀመሪያው ጠያቂ የጠቀስነው ክልከላ እሱንም ይይዘዋል። በእርስዎ ስም ይውጣ። እርስዎ አሠሪ ሆነው እሱን በዋና ምግብ አብሳይነት ቀጥረው የሥራ ፈቃድ ይጠይቁለት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት ይሰጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። የሚጠየቀው ይህን ሙያ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ አለመገኘቱና ሙያውን ለኢትዮጵያዊ የሚያስተላልፍበት ዕቅድ ነው። የሥራ ልምዱን ማስረጃ ከአገሩ ሳይወጣ አስተርጉሞ ያረጋግጠው።

የጎኑን ውል ይተዉት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 መሠረት ሕገ ወጥ ነገር የተዋዋሉበት ውል ዋጋ የለውም። ነገ ወንድምዎ ቢያገባ፣ ቢሞት ወይም ቢጣላ፣ ባለቤትዎ ያፈሰሰውን ገንዘብ በዚያ ወረቀት ሊያስመልስ አይችልም። ገንዘቡም ዝምድናውም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ወሎ ውስጥ ሥጋ እንዴት እናድርገው? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንዲገባልን እንፈልጋለን።

መልስ፦ እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ባለ ሁለት ዓይነት ሥጋ ወጥ ቤት ሁለት ማቀዝቀዣ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት መጥበሻና ሁለት ዘይት ይፈልጋል። በአንድ ጠባብ ክፍል ይህን አጥርቶ መሥራት አይቻልም፤ አንድ ቀን ከተደባለቀ ደግሞ ከተማው በሙሉ ይሰማል። አንዱን መርጣችሁ በሩ ላይ ጻፉት። ከዚያ ሁሉም የሚበላውን ክፍል አስፉት።

የሜክሲኮ ምግብ ለዚህ የተመቸ ነው። ቦሎቄ፣ አቮካዶ፣ ሳልሳ የሚባለው የቲማቲም ማባያ፣ ድንች፣ ዱባ፣ እንጉዳይ በበቆሎ ቶርቲያ ቅቤ ሳይነካው ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴው 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ሌላው አጽዋማት ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። የጾሙን መጥበሻ ለብቻው አድርጉት፤ ዘይቱ ውስጥ ዶሮ ከተጠበሰበት የጾም አይባልም። ረመዳን ሲሆን ምሳ ይቀዘቅዛል። ሊጡን ለቀትር ሳይሆን ለአሥር ሰዓት አድርሱት፤ ለማፍጠሪያ ተራ የሚይዝ ሰው አይጠብቅም።

የዓሣ ታኮን አትርሱት። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ቆሮሶው ትኩስ ይደርሳል። በሜክሲኮ የባሕር ጠረፍ ያለችው የኤንሴናዳ ከተማ የምትታወቅበት ምግብ ነው። ሊጡን እዚያ በቢራ ያቀጥኑታል፤ እናንተ በቀዘቀዘ አምቦ ውሃ አድርጉት፦ 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ 230 ሚሊሊትር አምቦ። 40 ግራም የዓሣ ቁራጭ በ180 ዲግሪ ዘይት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ። ከላይ ስስ ጥቅል ጎመንና ሎሚ። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም ስላለ «የጾም» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ አትክተቱት።

የአሳማ ሥጋ ያለባቸውን ምግቦች በሌላ መተካት አይከብድም። ፑዌብላ ውስጥ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ከመካከለኛው ምሥራቅ የሄዱ ስደተኞች በግ እየጠበሱ «የዓረብ ታኮ» የሚባለውን ጀምረዋል። ሻዋርማ የሚያውቅ ሠራተኛ አያዳግተውም። ከሜክሲኮ ግዛት ሃሊስኮ የመጣው ቢሪያ የሚባል ወጥ ደግሞ የፍየል ነው፤ ለወሎ ሰው ፍየል ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ከራሳችን ስም ይልቅ የታወቀ የአሜሪካ ታኮ ብራንድ ፍራንቻይዝ (በስሙና በአሠራሩ የመነገድ ፈቃድ) ወስደን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ ብንከፍትስ?

መልስ፦ ትላልቆቹ ብራንዶች ለአንድ ከተማ አንድ ሱቅ አይሰጡም። በ1962 በፈረንጆቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ታኮ ቤል የኬኤፍሲና የፒዛ ሃት ባለቤት በሆነው ያም ብራንድስ ሥር ነው። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአንድ አገር በቀል ኩባንያ በኩል ነው፤ እንዲህ ያለ ስምምነት ብዙ ቅርንጫፍ የመክፈት አቅም ይጠይቃል። ሌላው ትልቅ ስም ቺፖትሌ አሜሪካ ውስጥ ሱቆቹን የሚያስተዳድረው ራሱ ነው።

አነስ ያለ ብራንድ ብታገኙም ሂሳቡን ሥሩ። ሮያሊቲ የሚባለው የስም መጠቀሚያ ክፍያ የሚቆረጠው ከሽያጭ ነው፤ ብትከስሩም ይከፈላል። ለምሳሌ ከ100 ብር ሽያጭ ግብዓት 34፣ ደመወዝ 18፣ ኪራይ 12፣ መብራት፣ ውሃና ከሰል 6፣ ጥገናና ልዩ ልዩ 8 ቢወስድ 22 ብር ይቀራል። ሮያሊቲ 6፣ ማስታወቂያ 4 ቢባል 12 ብር ትቀራችኋለች። በዶላር የተጻፈ ግዴታ ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ከወር ወር ይለዋወጣል። አሜሪካዊ ሻጭ ከሆነ የፍራንቻይዝ መግለጫ ሰነዱን ጠይቁት። የአገሩ ሕግ እዚያ ውስጥ ለሚሸጥ ፍራንቻይዝ 23 ክፍል ያለው ሰነድ ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ክፍል 7 ጠቅላላ የመነሻ ወጪውን፣ ክፍል 20 ስንት ሱቅ እንደተከፈተና እንደተዘጋ ይነግራችኋል። «ለእናንተ አይመለከትም» ካለ፣ ለሌሎች የሰጠውን እንዲያሳይ ጠይቁ፤ ካልፈቀደ ተዉት።

የሰው ስምና ዓርማ ቀይሮ መለጠፍ ግን አይሁን። የንግድ ምልክት ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፤ የራሳችሁን አስመዝግቡ።

ቦታውን በሚመለከት፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ከፈረቃ የሚወጡት ወጣቶች ደመወዛቸው ቀጭን ነው። 300 ግራም ቡሪቶ አይገዙም። የቦሎቄና የድንች ታኮ በወረቀት ተጠቅልሎ በእጅ የሚያዝ ይገዛሉ። ወፍራሙን ሜኑ ለደሴ ፒያሳ አስቡት።

አጫጭር ጥያቄዎች

ጃላፔኞና ደረቅ የሜክሲኮ በርበሬ በምን ይተካል? ጃላፔኞ በቃሪያ። ለደረቁ ያልተቀመመ ዛላ በርበሬ፣ ማረቆ ቢሆን ይመረጣል፤ ፍሬውን አራግፎ፣ ምጣድ ላይ ለሰከንዶች አሙቆ፣ በፈላ ውሃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፎ መፍጨት። የተቀመመ በርበሬ ከገባ ወጥ ወጥ ይላል።

ቺዝስ? ለሚበተነው የኛ አይብ፣ ውሃው በደንብ ተጨምቆ ጨው ገብቶበት። ለሚቀልጠው አዲስ አበባ የሚመረት ሞዛሬላ፤ 401 ኪሎ ሜትር መንገድ ስላለው በበረዶ ሳጥን፣ ከሳምንት ፍጆታ አይብለጥ።

የኮሪያንደር ቅጠል አጣሁ። ገበያ ያለውን ድንብላል ዝራው፤ ያው ተክል ነው። የደሴ ብርድ ቶሎ ስለማያሳብበው ይስማማዋል። በየሁለት ሳምንቱ ዝራ፣ ከ40 እስከ 50 ቀን ይደርሳል።

ሜክሲኮዎች ቁልቋል ይበላሉ ይባላል፤ የኛው ይሆናል? የሚበሉት የበለስን ለጋ ቅጠል ነው፤ እሾሁ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ምጣድ ላይ ይጠበሳል። ነጭ ወተት የሚያወጣው የኛ ቁልቋል ሌላ ተክል ነው፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ወጥ ቤት አይግባ።

ሳልከፍት እንዴት ልሞክረው? በቤትሽ ለ30 ቀን በየቀኑ 2 ኪሎ በቆሎ ሥሪ፤ ወደ 120 ቶርቲያ ነው። ዘመድና ጎረቤት ይብላው፤ አንቺ ግን የተሰበረውን ቁጠሪ። መሶብ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ከ100 ታጥፎ የሚሰበረው ከ5 በታች ሆኖ አንድ ሳምንት ከዘለቀ፣ ያኔ ቤት ፈልጊ።